ኦነሲሞስ ነሲብ፦ የተነጠቀው ልጅ የልጆች መምህር ሆነ

በየትምህርት ቤቱ ጧት ጧት ሆዱን የሚያመው ልጅ አይጠፋም። ደወል ሳይደወል ራሱን ይይዛል፤ እናቱ እጁን ስትለቀው ያለቅሳል፤ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ድምፁ ይጠፋል። መምህሩ ሰነፍ ይለዋል፤ ጎረቤት ቅምጥል ይለዋል፤ ጓደኞቹም ፈሪ የሚል ስም ያወጡለታል። ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ ሆዱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወላጆች ልጁ አስመስሏል ብለው ይደመድማሉ። ዳሩ ግን ልጁ አላስመሰለም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ሆዱ ሳይሆን ጭንቀቱ ነው።

ስለ ልጆች ጭንቀት ለመነጋገር ስንፈልግ ብዙውን ጊዜ ምሳሌ የምንለምነው ከውጭ አገር መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በገዛ አገራችን፥ ይልቁንም በወለጋና በአጎራባቹ ምድር፥ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምር የአንድ ሰው ሕይወት አለ። ይህም ሰው በነቀምቴ ከተማ ሠርቶ ያለፈው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጐሙ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው በሌላ በኩል ነው፤ ይኸውም በልጅነቱ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ፥ ሊደርስ የሚችለው ፍርሃት ሁሉ ደርሶበት፥ በኋላ ግን የልጆች መምህር ለመሆን የበቃ ሰው ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ሕፃኑ የተወለደው በ1850ዎቹ ዓመታት፥ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ነው። ቤተሰቡ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። በኦሮምኛ ይህ ቃል መፍታትን የሚያመለክት ሲሆን፥ እንደ አማርኛው ሁሉ የታሰረን ነገር መፍታትም፥ የንግግርን ትርጉም መፍታትም ይሆናል። ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ከእናቱም ጋር ቀረ። አባት ለሌለው ልጅ እናት ሁለት ሰው ናት። ይህችንም እናት ነው ባሪያ ፈንጋዮች ያሳጡት።

ራሱ በኋላ ዘመን ስለ ሕይወቱ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በጻፈው ታሪክ እንደ ገለጠው፥ በ1869 በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወደቀ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ምጥዋ እስኪደርስ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። አንባቢ ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ቢያስብበት መልካም ነው። ስምንት ጊዜ አዲስ ፊት፥ ስምንት ጊዜ አዲስ ቤት፥ ስምንት ጊዜ አዲስ ትእዛዝ ማለት ነው። አንዱን ጌታ ለመልመድ ሲጀምር ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የአንዱን ቋንቋ ሊሰማ ሲል ሌላ ቋንቋ ይመጣበታል። ሂካ የሚለው ስሙም ቀርቶ ነሲብ ተባለ። ከእናቱ ጋር ስሙንም አጣ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ነገር በልጅ ላይ ሲደርስ በውስጡ ምን ይከናወናል? የዛሬው ሕክምና ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። ፍርሃት በራሱ በሽታ አይደለም። ፍርሃት የሰውነት ዘበኛ ነው። አደጋ ሲመጣ አንጎል ለሰውነት ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ እጅና እግር ጡንቻ ይሄዳል። ይህም ልጁ እንዲሮጥ ወይም እንዲታገል የሚያዘጋጅ ነው። የፈራ ልጅ ሆዱን የሚቆርጠው፥ እጁ የሚቀዘቅዘው፥ አፉም የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘበኛው አደጋው ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው ቢመለስ መልካም ነበር። ነገር ግን አደጋው ከተደጋገመ ዘበኛው እንቅልፍ ያጣል፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፥ ልጁ የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን መለየት ይሳነዋል። ሌሊት ይቃዣል፤ የተወውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ይጀምራል፤ ከሚወደው ሰው ጥቂት መለየት የሞት ያህል ይሆንበታል። አንዳንዱም ልጅ ከዚህ በተቃራኒ ዝም ይላል። አያለቅስም፥ አይጫወትም፥ አይጠይቅም። ሰዎች ጨዋ ልጅ ብለው ያመሰግኑታል፤ እሱ ግን ጨዋ ሆኖ ሳይሆን ደንዝዞ ነው።

ሂካ ነሲብ ተብሎ በ1870 ምጥዋ ደረሰ። በዚያም የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቨርነር ሙንዚንገር ከባርነት ነፃ አወጣውና የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ለወንዶች ልጆች በከፈተው ትምህርት ቤት እንዲገባ አደረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጁ ኑሮ ተለወጠ።

በዚያ ትምህርት ቤት ለጭንቀት የሚሰጥ ሕክምና ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያን ዘመን የልጆች የአእምሮ ሕክምና የሚባል ሙያ በአውሮፓም ቢሆን ገና አልተደራጀም ነበር። ነገር ግን አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሰጣቸውን ነገሮች ብንቆጥር፥ ዛሬ ሐኪሞች ለተሸበረ ልጅ መጀመሪያ ከሚያዝዙት ጋር ብዙ ይመሳሰላሉ። በየማታው የሚተኛበት ቦታ አንድ ነው፤ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፤ ጧት የሚያስተምረው ሰው የትናንቱ ሰው ነው፤ ነገ ምን እንደሚሠራ ዛሬ ያውቃል። ስምንት ጊዜ ለተላለፈ ልጅ ነገ እንደ ዛሬ መሆኑን ማወቅ ትልቅ መድኃኒት ነው። ከዚህም ሌላ ፊደል ተሰጠው። ፊደል የሚማር ልጅ ትናንት ያቃተው ዛሬ ሲሆንለት ያያል፤ በራሱም ላይ እምነት ማሳደር ይጀምራል።

ልጁ በትምህርቱ ትጉህ ሆነ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፥ በዚያ ዓመት በምዕራባውያን ዘንድ ፋሲካ በዋለበት እሑድ ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ በአዲስ ኪዳን ታሪኩ የሚነገርለት የአንድ ባሪያ ስም ሲሆን ትርጉሙም የሚጠቅም ማለት ነው። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን አገር በስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ ሰውየውን እንደ ወጋችን በአክብሮት እንጠራቸዋለን።

አቶ ኦነሲሞስ ከስዊድን ሲመለሱ ወጣት፥ የተማሩና ሥራ ያላቸው ሰው ነበሩ። ምጥዋ አጠገብ በምንኩሉ ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አግብተው በሰላም መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የተነጠቁበትን ምድር ፈለጉ። በዚያው በ1881 ከሚሲዮኑ ሰዎች ጋር በሱዳን በኩል፥ የዓባይን ወንዝ ተከትለው ወደ ወለጋ ለመግባት ጉዞ ጀመሩ። ጉዞው አሶሳ አካባቢ ከደረሰ በኋላ ሳይሳካ ቀረ። በመመለሻው ላይ በንዳድ ታመው በ1882 ሚያዝያ ወር ካርቱም ገቡ። ሁለተኛው ጉዞ በሸዋ በኩል ሆነ፤ ይህም በ1886 እንጦጦ ላይ ቆመ፤ ንጉሥ ምኒልክ በመጡበት መንገድ እንዲመለሱ አዘዙ። ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚማሩት አንድ ነገር አለ። ጭንቀት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የሚያስፈራውን ነገር መሸሽ ነው። ሽሽት ለጊዜው ያሳርፋል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ይወድደዋል። ይሁን እንጂ የሸሹት ነገር በሸሹት ቁጥር ያድጋል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ማግሥቱ መሄድ ይበልጥ ይከብደዋል፤ ሳምንት የቀረ ልጅ ደግሞ በሩን ማየት ይፈራል። አቶ ኦነሲሞስ የተሸጡበትን አገር መንገድ ለዘለዓለም ቢረሱት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላውን ሞከሩ፤ ሁለቱም ሲዘጉ ደግሞ ተቀምጠው የሚሠራ ሥራ ፈለጉ።

ያ ሥራ የኦሮምኛ መጻሕፍትን ማዘጋጀት ነበር። በዚህም ጊዜ አንድ ከባድ እንቅፋት አጋጠማቸው። በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለ ተወሰዱና ዕድሜያቸውን በሌሎች ቋንቋዎች መካከል ስላሳለፉ፥ የእናታቸው ቋንቋ እንደሚፈልጉት አልሞላላቸውም። ባሪያ ፈንጋዮች ከወሰዱት ሀብት ሁሉ የዚህን ያህል ጠልቆ የተወሰደ አልነበረም። የተሸበረ ልጅ ያየውን ለመናገር ቃል ያስፈልገዋል፤ ቃሉም ከእናቱ የሰማው ሲሆን ይቀለዋል። ቋንቋውን ያጣ ልጅ ግን የደረሰበትን የሚያስቀምጥበት ዕቃ የለውም።

ይህን ጉድለት የሞላችው ሌላ የተነጠቀች ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ተወለደች፤ በሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ተያዘች። ወደ ዓረብ አገር ተወስዳ ልትሸጥ በባሕር ላይ ሳለች በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነፃ አወጧትና ወደ ምንኩሉ ትምህርት ቤት ተላከች። አቶ ኦነሲሞስ የልጅቱን የአእምሮ ብሩህነትና የኦሮምኛ ችሎታዋን ወዲያው አስተዋሉ። አስቴርም ለመዝገበ ቃላቱ ሥራ ብዙ ቃላት ከማቅረቧም በላይ፥ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፥ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፥ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። የሰበሰበችው 500 ያህል ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት በ1893 አዲስ ኪዳን፥ በኋላም በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

የ1894ቱን ማንበቢያ እንደ ተራ የፊደል መጽሐፍ ብቻ መመልከት አይገባም። የመጽሐፉ መሠረት አንዲት ልጅ ከመወሰዷ በፊት በምድጃ ዳር የሰማችው ጨዋታ ነው። በመከራ ውስጥ ያለፈ ልጅ ስለ መከራው ብቻ እንዲያስብ ከተተወ ትዝታው ሁሉ ጨለማ ይሆንበታል። ከመከራው በፊት የነበረውን ቤት፥ ዘፈኑንና ተረቱን እያስታወሰ ለሌላ ሲያካፍል ግን፥ ሕይወቱ ከመከራው እንደሚበልጥ ይረዳል። ዛሬ ለተሸበሩ ልጆች በሚሰጠው ሕክምና ውስጥ ሥዕል መሣል፥ ተረት መንገርና ታሪክን በቅደም ተከተል መተረክ ቦታ ያገኙት በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች የኦሮሞ ልጆችም ታሪካቸውን እንዲናገሩ ዕድል አግኝተዋል። በ1888 ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር የባሪያ ነጋዴዎችን ጀልባዎች ይዛ ከ200 በላይ የሚሆኑ ልጆችን ነፃ አወጣች። ከእነዚህም 64ቱ ከዓደን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተወስደው በ1890 ላቭዴል በሚባለው ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ጀምሮ እስከ ባሕር ድረስ የሆነውን ሁሉ እንዲተርክ ተደርጎ በጽሑፍ ተመዘገበ። በእነዚያ መዛግብት ልጆቹ የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም፥ የቤታቸውን ከብት፥ የሸጣቸውንም ሰው ለይተው ተናግረዋል። ልጅ ይረሳል የሚለው የአዋቂዎች ማጽናኛ ስሕተት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ልጅ አይረሳም፤ የሚጠይቀው ሰው ካጣ ግን ዝም ይላል።

ወደ አቶ ኦነሲሞስ ታሪክ እንመለስ። ሦስተኛው መንገድ በ1904 ተከፈተ። አቶ ኦነሲሞስ፥ አስቴር ጋኖና ሌሎች ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች ሆነው ወለጋ ገቡ። በዚያን ጊዜ ነቀምቴን የሚገዙት ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ፥ በኦሮምኛ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ በደስታ ተቀበሏቸው። ልጅ ሆነው ከተወሰዱ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በቦጂ ደግሞ እነ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ቀደም ብለው ጀምረው ስለ ነበር በወለጋ ከተሞች የፊደል ፍላጎት ተቀስቅሶ ቆይቷል። አቶ ኦነሲሞስና አስቴር በነቀምቴ ልጆችን በሚሰሙት ቋንቋ ማንበብ ያስተምሩ ጀመር። አንድ ጊዜ ከልጅነታቸው የተነጠቁ ሁለት ሰዎች አሁን በልጆች ፊት ቆሙ።

ነገሩ ሁሉ በሰላም አልሄደም። በኦሮምኛ በመስበካቸው ከካህናት ክስ ቀረበባቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ከአገር እንዲወጡ ፈረዱ፤ አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፥ እንዳይሰብኩም ከለከሉ። ይህ ክልከላ እስከ 1916 ጸንቶ ቆየና በልጅ ኢያሱ ዘመን ተነሣ። እሳቸውም በዚህ ሁሉ ዓመት ከነቀምቴ አልለቀቁም። በ1923 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 1931፥ እሑድ ዕለት ዐረፉ።

እሳቸው ባረፉበት ጊዜ የባሪያ ንግድ ከአገራችን ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ በማግሥቱ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። ሕግ የልጅን ገላ ከሻጭ እጅ ያወጣል። ፍርሃቱን ከልቡ የሚያወጣው ግን አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ በአዋጅ አይፈጸምም።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ወደ ዛሬ እናምጣው። ዛሬ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲና በደምቢ ዶሎ ልጅ በገበያ አይሸጥም። ጭንቀት ግን ከልጆች ቤት አልወጣም። ከ2018 ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ የተኩስ ድምፅ የሰሙ፥ ወላጅ ያጡ፥ ትምህርታቸው የተቋረጠ ልጆች አሉ። ይህ ሁሉ ያልደረሰባቸውም ቢሆኑ ከጭንቀት ነፃ አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሚሆኑት ወጣቶች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ጭንቀትም በዚህ ውስጥ ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ፍርሃት በየዕድሜው መልኩን ይለውጣል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ፥ የአራት ዓመት ልጅ ጨለማን መፍራቱ የዕድገት ምልክት እንጂ ሕመም አይደለም። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ የሚፈራው የሰውን ዓይን ነው፤ እንዳይሳቅበት፥ እንዳይሳሳት፥ ፈተና እንዳይወድቅ ይጨነቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ከየወረዳው ወደ ከተማ ሄዶ በማያውቀው ግቢ አድሮ መፈተን ለብዙ ወጣት ከቤቱ የሚለይበት የመጀመሪያው ጊዜ ሆኗል። ፍርሃቱ ሕመም ሆኗል የሚባለው ከዕድሜው ሲያልፍ፥ ለሳምንታት ሳይለቅ ሲቆይ፥ ከትምህርት፥ ከምግብ፥ ከእንቅልፍና ከጨዋታ ሲከለክል ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ማመን ነው። ልጁ አመመኝ ሲል አላመመህም ማለት አይገባም፤ ፍርሃት ሆድን እንደሚያሳምም በሚገባው ቃል ማስረዳት ይሻላል። የሆነበትን ነገር ስሙን ያወቀ ልጅ ግማሹን ፍርሃት ይተዋል። ሁለተኛው ሥርዓት ነው። የመኝታ፥ የምግብና የጥናት ሰዓት የታወቀ ይሁን፤ ወላጅ እመለሳለሁ ባለበት ሰዓት ይመለስ። ልጁን ላለማስለቀስ ተደብቆ መውጣት ለዛሬ ያመቻል፤ የነገውን እምነት ግን ይሰርቃል። ጅብ ይበላሃል፥ ሐኪም መርፌ ይወጋሃል እያሉ ማስፈራራትም እንደዚሁ ይጎዳል። በመርፌ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅ ታሞ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ይሸሻል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የበለጠ ውጤት የታየበት፥ የሚያስፈራውን ነገር በደረጃ እያለማመዱ ማስቀረብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው። በክፍል ፊት ማንበብ የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ ለእናቱ ያንብብ፤ ከዚያ ለአንድ ጓደኛው፤ ከዚያ ለመምህሩ ብቻ፤ ከዚያ ለአምስት ልጆች፤ በመጨረሻም ለክፍሉ። በያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ ይቆይ፤ ሳይበርድ አይሽሽ። ፍርሃት እንደ ዳገት ነው፤ ወጥቶ ወጥቶ ይወርዳል። ልጁ መውረዱን በገዛ ዓይኑ ካላየ የሚነግረውን ሰው አያምንም። በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ መወርወር ግን ማለማመድ ሳይሆን ማስደንገጥ ነው።

ወጣቶች ራሳቸው የሚያደርጉትም አለ። ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስገባትና ይበልጥ ቀስ አድርጎ ማስወጣት የልብን ምት ያረጋጋል። ሊሆን ይችላል ብለው የሚፈሩትን ነገር በወረቀት ላይ ጽፈው፥ ማስረጃው ምንድን ነው ብለው እንደ ዳኛ ራሳቸውን ይመርምሩ። ብዙ ጊዜ ጭንቀት ከሳሽም ምስክርም ሆኖ ይገኛል። ወለጋ የቡና አገር ስለ ሆነ ይህም ይነገር፤ ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ በቡና ወይም በጫት ማሳለፍ ልብን ያስመታል፥ እንቅልፍን ይነሣል፥ ጭንቀትንም ያባብሳል። የተኛ ተማሪ ያነበበውን ያስታውሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው፥ ወይም ልጁ ከባድ አደጋ ካየ በኋላ ከቃዠና ከደነዘዘ፥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ከሆነ አንድ ቀን ማሳደር አይገባም፤ ብቻውንም አይተውት። ባለሙያው አስቀድሞ የሚሰጠው በንግግርና በልምምድ የሚደረግ ሕክምና ነው፤ ጭንቀቱ ሲከብድ መድኃኒትም ሊጨምር ይችላል። መድኃኒቱን ሐኪም ካላዘዘ ከጎረቤት መዋስ አደገኛ ነው። ጸሎትና ጸበል ወይም ዱዓ ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ በየወረዳው መምህር፥ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፥ የጤና ሠራተኛ ወይም የአስተዳደር ሹም የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። ከተፈናቀለ ቤተሰብ የመጣ ልጅ በፊታቸው ሲቆም፥ መዝገቡ የሚያሳያቸው ስምና ዕድሜ ብቻ ነው። ዝም ያለውን ልጅ ጨዋ ነው ብለው እንዳያልፉት፥ የሚረብሸውንም ባለጌ ነው ብለው ለመቅጣት እንዳይቸኩሉ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱን ፈጥኖ መክፈት፥ መምህሩን በየወሩ አለመለወጥ፥ ልጁን በሚሰማው ቋንቋ ማነጋገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሹም ሐሳብ የሚጠይቁ ናቸው።

በ1870 ምጥዋ ላይ ነሲብ የሚባለውን ልጅ ያዩ ሰዎች ስምንት ጌቶች ያለፈበት አንድ የተሸጠ ልጅ ነበር ያዩት። መጽሐፍ ይተረጉማል፥ በነቀምቴ ልጆችን ያስተምራል ብሎ የገመተ አልነበረም። የተረጋጋ ቤት፥ የማይለወጥ መምህርና ጊዜ ሲያገኝ ግን፥ ቤተሰቦቹ ሂካ ብለው ያወጡለት ስም እውነተኛ ሆነ፤ ልጁ ፈቺ ሆነ። ዛሬም በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ሆዱን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም።